ጤነኛዋን እግር ያሞቅንበት ጥቅምት

ዘንድሮ የጎንደር ክረምት በረታብኝ። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ልብስ ሳጥብ የጣቶቼ ጫፍ ነጭ ይሆናል፤ ስነካቸው የራሴ አይመስሉኝም። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አይታኝ «እማዬ፣ ምነው እጅሽ እንዲህ ገረጣ?» አለችኝ። እጄን ብብቴ ሥር ከትቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁና ደሙ እስኪመለስ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ምንም ስሜት የለውም፤ ቀጥሎ መውረር ይጀምራል፤ ከዚያ ያቃጥላል፤ በመጨረሻ ቀለሙ ከአንጓ ወደ ጫፍ እየተሳበ ይመጣል። ያ ቀለም ሲመለስ ባየሁ ቁጥር አንዲት ሕፃን ትዝ ትለኛለች። የሚገርመው የብርድ አገር ሕፃን አይደለችም። የተወለደችው መተማ፣ በሰሊጥ አጨዳ ወር፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ከመኪና ሥር በሚተኛበት ሐሩር ነው።

ያኔ ከነርስ ትምህርት ቤት የወጣሁ ሰሞን ነበር። ያደግሁት ደባርቅ ነው፤ ውርጭ የለመደ ቆዳ ይዤ ዕጣ ወጥቶልኝ ቆላ ተመደብሁ። እናቴ ስትሸኘኝ ወፍራም ጋቢ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። «አገሩ እኮ ሙቅ ነው» ብላት «ለማንኛውም ያዥው» አለችኝ። ጋቢው ቆላ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ትራስ ሆኖ አገለገለኝ።

ከጎንደር ተነሥቶ አይከልን ያለፈ መኪና ከዚያ በኋላ ሥራው መውረድ ብቻ ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ቀርቶ የደረቀ ሣርና የአቧራ ሽታ ይመጣል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ምድሩ ይዘረጋል፤ ግራና ቀኝ ማሽላና ሰሊጥ፣ አልፎ አልፎ ብቻውን የቆመ ግራር። ሰሊጥ ታጭዶ በነዶ ሲቆም ከሩቅ ሲያዩት ሜዳ ላይ የተሰበሰበ ሰው ይመስላል። እኔም የመጀመሪያ ቀን ስብሰባ መስሎኝ አብሮኝ የተቀመጠውን ሰው «ምን ሆነው ነው?» ብዬ ጠይቄ አስቄዋለሁ።

ምሳችን ብዙ ጊዜ ፉል ነበር፣ የሰሊጥ ዘይት ፈስሶበት። ካልሆነም የማሽላ እንጀራ በወይካ። ወይካ የሚሉት ደርቆ የተፈጨውን ባምያ ነው፤ ዝልግልግ ያለ ወጥ ይወጣዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጉሮሮዬ አላሳልፍ ብሎኝ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን ጎንደር ስሄድ እሱን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የምዞር ሆንሁ።

መተማ ሆስፒታል መጀመሪያ የሠራሁት ተመላላሽ ሕክምና ላይ ነው፤ ክብደት መመዘን፣ የደም ግፊት መለካት። በኋላ ሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ሲከፍት ወደዚያ ተዛወርሁ። ስሙን ሲሰሙት ትልቅ ነገር ይመስላል። በውስጡ ግን አንዲት ክፍል ነበረች፤ ጥቂት ማሞቂያ አልጋዎች፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም የኦክስጅን ማሽን፣ ዓይናቸው ቢጫ ለሆነ ሕፃናት ሰማያዊ መብራት። መስኮቱ ወደ ግቢው ያያል፤ ከመስኮቱ ሥር እናቶች ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ።

ሐኪማችን ዶክተር ይርጋ ነበር። ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሕፃናቱን ሁሉ አንቱ ይላቸው ነበር። ጠዋት ሲገባ ወደ አንዷ አልጋ ጎንበስ ይልና «እንዴት አደሩ፣ እመቤቴ? ዛሬስ ትንሽ ጠቡልን?» ይላል። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን እኔም ለመድሁት፤ አንቱ ካሉት ሰው ጋር እጅን ሳይታጠቡ መገናኘት ያሳፍራል።

አንድ ጠዋት ከኮኪት ወዲያ ካለ እርሻ የመጣ ትራክተር ግቢው ውስጥ ቆመ። ከተጎታቹ ላይ አንድ ሰውዬ ጃኬቱን ደረቱ ላይ ታቅፎ ወረደ። ከኋላው አንዲት ወጣት ሴት በሁለት ሰዎች ተደግፋ ወረደች። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን ሠራተኞች የአገሩ ሰው ሳሉግ ይላቸዋል፤ እነዚህም ሳሉጎች ነበሩ፣ ባልና ሚስት፣ ከጎጃም። እሱ ሙሉቀን፣ እሷ እናኑ። እናኑ ለሠራተኞቹ ምግብ ታበስል ነበር፤ ምጡ ሳይታሰብ መጥቶባት ላስቲክ ድንኳን ውስጥ ወልዳ ነው። ጃኬቱን ስንገልጠው ሴት ልጅ ነበረች፤ ጊዜዋ ሳይደርስ የተወለደች፣ መዳፌ ላይ ባስቀምጣት ቦታ የሚተርፍ።

በዚያ ሙቀት ገላዋ ቀዝቅዟል። ስትተነፍስ ታቃስታለች። ከእጇም ከእግሯም ከራሷም ደም ሥር ብንፈልግ አልተገኘም፤ ከክር የቀጠኑ ናቸው፤ ሲነኳቸው ይጠፋሉ። ዶክተር ይርጋ በመጨረሻ በእትብቷ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገባላት። መድኃኒቱም ፈሳሹም በዚያ ገባ። ከሰዓት በኋላ ማቃሰቷ ቀነሰ፤ ከንፈሯም ቀላ። እናኑ አልጋው አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በአንድ ጣቷ የልጇን ጉንጭ ነካ አድርጋ መልሳ ጣቷን አየችው።

በማግስቱ ጠዋት ጨርቋን ስቀይርላት ቀኝ እግሯ ዓይኔን ያዘው። የግራው ውስጥ እግሯ እንደማንኛውም ሕፃን ቀይ ነው። የቀኙ ከባቱ ጀምሮ ነጥቷል፤ ጣቶቹ ጋ ሲደርስ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ነካሁት፤ የወንዝ ድንጋይ ነው። ተረከዟን ተጭኜ ለቀቅሁ። ቀለሙ ይመለስ እንደሆነ አየሁ፤ አልተመለሰም። እንደገና ተጫንሁ። ከዚያ ዶክተሩን ጠራሁት።

መጥቶ አየ፤ ጣቱን ከጉልበቷ በስተጀርባ አድርጎ ትርታ ፈለገ፤ ብሽሽቷ ላይም ፈለገ። ለወትሮው ለሕፃናቱ የሚላትን «እመቤቴ» ያን ቀን አላላትም። ጓንት አጠለቀና ቱቦውን ቀስ አድርጎ አወጣው። እኔ በመከራ በግራ እጇ አንዲት ደም ሥር አገኘሁና ፈሳሹ በዚያ ቀጠለ።

ለወላጆቿ እሱ ራሱ ነገራቸው፤ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። «ቱቦው ሕይወቷን አትርፏል» አላቸው፤ «ግን አንዳንዴ ቱቦ የነካው ደም ሥር ይኮማተራል፤ ወይ ትንሽ የረጋ ደም ይዘጋዋል። ደም ወደ እግሯ እየደረሰ አይደለም። ቱቦውን አውጥተነዋል። አሁን ሥሩ እንዲከፈት የምንችለውን እናደርጋለን።»

ሙሉቀን «ካልተከፈተስ?» አለ።

ዶክተር ይርጋ መሬት መሬት አላየም። «ካልተከፈተ እግሯን ልታጣ ትችላለች» አለው።

ሙሉቀን ዞሮ ወጣ። እናኑ ግን ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ልጇን ስታያት ቆየችና ለማንም ሳይሆን ለራሷ በሚመስል ድምፅ «እንደሆነች ትሁን። ብቻ ትኑርልኝ» አለች።

ወደ ጎንደር እንላካት የሚለው ተነሣ። መንገዱ ዳገት ነው፣ ረጅም ነው፤ አምቡላንሱ ላይ ያለው ኦክስጅን እዚያ አያደርስም። ዶክተር ይርጋ ጎንደር ላስተማሩት የሕፃናት ሐኪም ስልክ ደወለ። ግድግዳውን ተደግፎ «እሺ… እሺ እትዬ… አዎ፣ አውጥቼዋለሁ… የትኛውን? ጤነኛውን?» ሲል እሰማዋለሁ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ትንሽ ተፈታ።

«ሙቅ ውሃ አምጪ» አለኝ። «ንጹሕ ጨርቅም። ግራ እግሯን ነው የምናሞቀው።»

እናኑ ቀና አለች። «ምነዋ ዶክተር! የታመመችው እኮ ይችኛዋ ናት።»

«አውቃለሁ፣ እናኑ» አላት። ከወንበሯ ፊት ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ሰው ሲያስረዳ ልማዱ ነው። «የታመመውን ብናሞቀው ደም ያጣ ሥጋ ነውና ይቃጠላል። ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ የሌለውን ደም ይጠይቃል። ጤነኛውን ስናሞቀው ግን ሰውነቷ ‹እግሬ ሞቀኝ› ይላል። የቱ እግር እንደሆነ ለይቶ አያውቅም። የሁለቱንም ሥር ይከፍታል። ቢያንስ እንደዚያ እንዲያደርግ ነው የምንለምነው።»

እናኑ አሰበችበት። «እንግዲያ በእኔ እጅ ይሁን» አለች። «ጨርቁ ይበርዳል። እጄ አይበርድም።»

ጨርቁንም እጇንም ተጠቀምን። ጨርቁን ሙቅ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ መጀመሪያ ክርኔ ላይ አድርጌ እሞክረዋለሁ፤ ክርኔ ከተቀበለው ግራ እግሯን እጠቀልልበታለሁ። ሲቀዘቅዝ እናኑ እግሯን በደረቅ ጨርቅ አድርቃ መዳፏ ውስጥ ትይዛታለች፣ ሌላው ጨርቅ እስኪሞቅ። ቀኝ እግሯ ባዶዋን፣ ሳትሸፈን፣ ሳትታጠፍ ከአልጋው እኩል ተዘርግታ ቀረች፤ ቀለሟን ማየት ነበረብን። ከእኛ ከሦስታችን ፊት ላብ ይንጠባጠባል። ውጭ ያሉት እናቶች ልብሳቸውን እያራገቡ ይቀመጣሉ፤ እኛ ውሃ እናሞቃለን። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በሩ ላይ ቆማ አየችንና ጭንቅላቷን ነቅንቃ ሄደች።

እኩለ ቀን አካባቢ ሙሉቀን ተመለሰ። ከገበያ የገዛትን አንዲት ጥንድ የሕፃን ካልሲ ይዟል፣ ነጭ፣ ቢጫ መስመር ያላት። የሱ አውራ ጣት እንኳ የምትገባባት አትመስልም። «እግሯ በርዷል ብለው» አለ፤ የሄደበትን ማስረዳት እንዳለበት ሁሉ።

የታመመችው እግር መሸፈን እንደሌለባት ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ካልሲዎቹን ይዞ ቆመ። ዶክተር ይርጋ ዞሮ አየውና «አንዷን ስጠን» አለው። «ለግራዋ በጣም ታስፈልገናለች።» ሙሉቀን ራሱ አጠለቀላት። እነዚያ በሰሊጥ አገዳ የተሰነጣጠቁ ትልልቅ እጆች ካልሲዋን ሲያጠልቁ ምን ያህል እንደተጠነቀቁ እስካሁን ይታየኛል። ሌላዋን አጣጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት፤ ኪሱንም ቆለፈው።

ወደ አመሻሹ ለውጥ አየን። የባቷ ንጣት እየለቀቀ ወደ ታች ወረደ። ከጉልበቷ በስተጀርባ እንደ ትንኝ ክንፍ የምትርገበገብ ትርታ ተገኘች፤ ዶክተር ይርጋ ጣቴን ይዞ እዚያው ላይ አስቀመጠልኝና «ተሰማሽ?» አለኝ። ተሰማኝ። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ግን ቅዝቃዜው አልተነቃነቀም፤ ጣቶቿ እንዲያውም ጠቆር ብለዋል።

«የጎንደሯ ሐኪም አንድ ሌላ ነገር ነግረውኛል» አለኝ እጁን እየታጠበ። «ናይትሮግሊሰሪን የሚባል ቅባት አለ። ለልብ ሕመምተኛ ደረት ላይ የሚቀባ ነው። እንደዚህ ያለ እግር ላይ በጣም ጥቂት ሲቀባ ሥሩን ይከፍታል። ግን ጎንደርም እንደማይገኝ ነግረውኛል፤ አዲስ አበባም መኖሩን አላወቁም።»

እጄ ላይ የያዝሁት ጨርቅ ውሃው እየተንጠባጠበ ቆምሁ። ሐጅ በሽር ትዝ ብለውኝ ነበር።

ሐጅ በሽር ሱዳናዊ፣ የገዳሪፍ ሰው ናቸው፤ ሰሊጥ ነጋዴ። በየዓመቱ አጨዳ ሲደርስ ከሆስፒታላችን ራቅ ብላ ድንበሩ ላይ ወዳለችው መተማ ዮሐንስ መጥተው ይከርማሉ። ተመላላሽ ሕክምና ሳለሁ ግፊታቸውን የምለካው እኔ ነበርሁ። ልባቸውን ያማቸዋል። አንድ ቀን ከጀለቢያቸው ኪስ አንዲት የጥርስ ሳሙና የምትመስል ቱቦ አውጥተው «ሐኪም ካርቱም የሰጠኝ ይህን ነው፣ ያ ቢቲ» ብለውኝ ነበር። «ደረቴ ላይ ስቀባት ልቤን ትከፍታለች፤ ራሴን ግን ታፈርጠዋለች።» ያ ቢቲ ማለት በእነሱ ቋንቋ ልጄ ሆይ እንደማለት ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ተሳፈርሁ። ኮኪትን ስናልፍ ሠራተኞች በረድፍ ሆነው ወደ እርሻ ሲገቡ አየሁ። መተማ ዮሐንስ ስደርስ የጭነት መኪኖች ከጉምሩክ ጀምረው እስከ ከተማው ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮች ከመኪናው ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣሉ፤ ሰው በእግሩ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሱዳኗ ጋላባት ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ባጃጅ ወደ ሰሊጥ መጋዘኖቹ ወሰደኝ። ሐጅ በሽር መጋዘን በር ላይ አንገሬብ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በጠፍር የተወጠረችው የሱዳን አልጋ ማለት ነው። አጠገባቸው ሽርካቸው፣ ጎንደሬው ጋሽ አለበል፣ የሰሊጥ ናሙና በመዳፋቸው ይዘው እፍ ይላሉ።

ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ። ሐጅ በሽር ከርከዴ፣ ያን ቀዩን የአበባ መጠጥ፣ አስቀዱልኝ። ግማሹን ስጠጣ ነገርኋቸው።

«የማን ልጅ ናት?» አሉኝ።

«የሳሉግ ልጅ ናት፣ ሐጅ። ከጎጃም የመጡ ናቸው።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ገና ከትናንት ወዲያ ነው የተወለደችው።»

ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ከኪሳቸው ቱቦዋን አውጥተው ያዩዋት ጀመር፤ ከግማሽ በላይ ተጠቅልላለች። ጋሽ አለበል ጣልቃ ገቡ። «ሐጅ፣ እርስዎስ? ሌላ አለዎት?»

«ከገዳሪፍ ይመጣልኛል።»

«መቼ?»

«ኢንሻአላህ ይመጣል» አሉ ሐጅ በሽር።

እኔ ጨነቀኝ። ያንን መድኃኒት ለምን እንደሚቀቡት ከማንም በላይ አውቃለሁ። «ሁሉንም አልፈልግም» አልኋቸው። «ለእሷ የምስር ፍሬ የምታህል ይበቃታል። ትንሽ ጨምቀው ይስጡኝ።» እሳቸው ግን በተቃራኒው አደረጉት። የሻይ ብርጭቆ ክዳን አስመጡና ለራሳቸው ጥቂት ጨምቀው አስቀሩ፤ ቱቦዋን ክዳኗን አጥብቀው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«ያ ቢቲ፣ እኔ ብዙ ሄጃለሁ» አሉኝ። «እሷ ገና አልጀመረችም።»

የተመለስሁት በጭነት መኪና ጋቢና ነው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ የምጠብቅበት ልብ አልነበረኝም። ቱቦዋ እንዳትሞቅ በእርጥብ መሐረብ ጠቅልዬ ይዣታለሁ። ስደርስ እናኑ ከተውኋት ቦታ አልተነሣችም፤ ግራዋን እግር በመዳፏ ይዛ፣ ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳርፋ እንቅልፍ ወስዷታል። እጇ ግን አልላላም።

ዶክተር ይርጋ ጓንት አድርጎ ከቱቦዋ ጥቂት አወጣ፤ ከምስር ፍሬ ያነሰ። የእግሯ ጀርባ ላይ ቀጭን አድርጎ ለቀለቀው። «ከዚህ በላይ ከሆነ መላ ሰውነቷ ይፈታና ግፊቷ ይወርዳል» አለ። «እስኪ ልቧን ስሚ፣ ቀለሟንም እይ። ይቅርታ ያድርጉልን፣ እመቤቴ፤ ትንሽ ይቀዘቅዝዎታል።» ከትናንት ወዲህ አንቱ ሲላት የሰማሁት ገና ያን ጊዜ ነው፤ ተስፋ ማድረጉን በዚያ አወቅሁ።

ቆየን። እናኑ ግራዋን ታሞቃለች፤ እኔ ደረቷን አዳምጣለሁ። ሙሉቀን በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል፤ አንድ እጁ የሸሚዝ ኪሱ ላይ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሴን ያመኝ ጀመር፤ እንደ ከበሮ የሚመታ ራስ ምታት። ውሃ ማጣት መሰለኝ፤ ጠጣሁ፤ ባሰብኝ። ዶክተር ይርጋ አየኝና «ቱቦዋን ያለ ጓንት ነክተሻታል» አለኝ። ለካ ክዳኗ ላይ የነበረችው ቅባት በጣቴ ገብታ የኔንም ደም ሥር ከፍታው ኖሯል። ያን ቀን ራሴን እየያዝሁ ሳቅሁ። ሕፃኗ እዚያች ክፍል ከገባች ጀምሮ የሳቅሁት የመጀመሪያ ሳቅ ነበር። መድኃኒቱ እንደሚሠራ ከጭንቅላቴ በላይ ምስክር አልነበረም።

እናኑ ናት ያየችው። «ሲስተር» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ነይማ እዪ።»

ከቁርጭምጭሚቷ በታች፣ ቅባቱ ካረፈበት ዙሪያ፣ ቆዳዋ እየቀላ ነበር። ፈዛዛ ቅላት ነው፤ ደመና በስሱ ሲገለጥ እንደሚታየው። እያየነው ቅላቱ ወደ ፊት ሄደ፤ የእግሯን ጀርባ ይዞ ወደ ጣቶቿ ሥር ተጠጋ። ተረከዟን ተጭኜ ለቀቅሁ። ዘገየ፤ ግን ተመለሰ። እንደገና ተጫንሁ፤ ተመለሰ። ሙሉቀን መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ኖሮ ትንፋሹ ይሰማኛል። «ልንካት?» አለ። ንካት አልሁት። በጣቱ ጫፍ ነካትና «ሞቃለች» አለ። እናኑ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ የያዘችውን ግራ እግር ግን አልለቀቀችም።

በቀጣዮቹ ቀናት ቅባቱን እየደጋገምን ቀባናት። ሦስቱ ጣቶቿ ደማቸው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። የሁለቱ ትንንሾቹ ጫፍ ግን ጠቁሮ ቀረ። ዶክተር ይርጋ መቁረጥ አያስፈልግም አለ፤ ሰውነቷ ራሱ ድንበሩን ይለያል፣ የሞተው ደርቆ ይወድቃል። እንዳለውም ሆነ። የደረቀው ሲወድቅ ከሥሩ የተገኘው ቆዳ ንጹሕ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከኦክስጅኑም ተላቅቃ፣ ጡት ይዛ፣ እናቷ ደረት ላይ ተጣብቃ ትውል ነበር። ከሆስፒታሉ የወጣች ቀን ሙሉቀን የሸሚዙን ኪስ ፈታና ሁለተኛዋን ካልሲ አጠለቀላት። ለክትትል የሚመለሱበትን ቀን ነገርኋቸው። እናኑ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ጠረኗ የሰሊጥ ነበር።

ሐጅ በሽር ቱቦዋን መልሼ ስወስድላቸው አዲሷ ከገዳሪፍ መጥታላቸው አገኘኋቸው። በመካከሉ ስንት ቀን በብርጭቆው ክዳን ላይ ባስቀሯት ብቻ እንደቆዩ ጋሽ አለበልን ጠየቅኋቸው። ጋሽ አለበል ወደ ሐጅ አየት አደረጉና «ተይው፣ ልጄ» አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በጥቅምት እናኑን የጨቅላ ክፍላችን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ለአጨዳ ወርደው ነበር። በእጇ የያዘቻት ልጅ በሁለት እግሯ ቆማለች። «ስሟ ትሁን ነው» አለችኝ። ስሙ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኋትም፤ ያን ቀን ወንበሯ ላይ ሆና ያለችውን ሰምቻለሁ። ዶክተር ይርጋ ከውስጥ ወጥቶ ጎንበስ አለና «እንኳን ደኅና መጡ፣ እመቤቴ» አላት። ልጅቷ ደነገጠችና ዞራ ወደ እናቷ ሄደች፤ በራሷ እግር፣ ጥቂት እየተንገዳገደች፣ በባዶ እግሯ ቀዝቃዛውን ሲሚንቶ እየረገጠች። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እኔም ትዳር ይዤ ወደ ጎንደር ተመለስሁ፤ ዓመታቱም ነጎዱ።

ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ሰው በመተማ በኩል መጉረፍ ሲጀምር ለጥቂት ሳምንት ለሥራ ወደዚያ ወረድሁ። በእረፍቴ ቀን ወደ መጋዘኖቹ ሄድሁ። ጋሽ አለበል አርፈዋል፤ ልጃቸው ነው ያለው። ሐጅ በሽርን ስጠይቅ ልጁ ወደ ጓሮ መራኝ። ከቤተሰባቸው የተረፉትን ይዘው ተሻግረው መጥተው፣ በሽርካቸው ልጅ ቤት ተጠግተዋል። በጣም ከስተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ቆዩ። ስለ ቤታቸው አላነሡልኝም። ካርቱም ስለነበሩት ልጆቻቸውም አላነሡልኝም፤ እኔም መጠየቁን ፈራሁ።

«ያቺ ልጅ» አሉኝ፤ «እግሯስ?»

«ድናለች፣ ሐጅ። ስትሄድ አይቻታለሁ።»

«አሁን ትልቅ ሆናለቻ። ትሮጣለች?»

«ትሮጣለች» አልኋቸው።

ወደ ጎናቸው ወደተቀመጠው ሽማግሌ ዞሩና በቋንቋቸው «ቢትጅሪ» አሉት፣ ትሮጣለች ማለታቸው ነው። ሽማግሌው ስለማን እንደሚወራ አያውቅም፤ ግን ራሱን ነቀነቀ። ሐጅ ደግመው «ቢትጅሪ» አሉ፤ ፈገግም አሉ።

ከዚያ ወዲህም ብዙ ሕፃን በእጄ አልፏል። ያላተረፍናቸውም አሉ፤ እነሱንም አልረሳኋቸውም። ግን ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ቀድማ የምትመጣልኝ ያቺ ክፍል ናት፤ አንዲት እናት የልጇን ጤነኛ እግር በመዳፏ ይዛ፣ አባት ኪሱን ይዞ፣ ከድንበር ማዶ የመጣ ሽማግሌ በብርጭቆ ክዳን ላይ በቀረችለት ቅባት ልቡን እያባበለ። ባልና ሚስቱ እኒያን ሽማግሌ ከዚያ በፊት አያውቋቸውም ነበር፤ ሐጅ በሽርም ልጅቷን አንድ ቀን እንኳ በዓይናቸው አላዩዋትም።

ትሮጣለች ያልሁት አይቼ አይደለም። ያየሁት እየተንገዳገደች ጥቂት እርምጃ ስትሄድ ነው። ሆኖም ባሰብኋት ቁጥር ጎጃም ውስጥ፣ በክረምት መግቢያ ዝናብ፣ ጭቃ መንገድ ላይ፣ ደብተሯን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ወደ ቤቷ ስትጣደፍ ነው የምትታየኝ። ለሐጅ በሽር የነገርኋቸው እንዲህ ሲታየኝ የኖረውን ነው፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላቸዋለሁ።